ከዲፖርቴሽን ያወጣኝ የክርስትና ካርድ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ልጁ ወይም ወንድሙ ኢሚግሬሽን እጅ ለገባበት ሰው ነው። በተለይ ደግሞ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ለመጣ። ጠበቃ አይደለሁም። ጉዳዩ ውስጥ ሦስት ዓመት ግድም ስለኖርኩ ግን ብዙ ነገር በግዴ ተምሬያለሁ። ሕጉም ደንቡም ይቀያየራል፤ የኔን ስሙና የራሳችሁን ጠበቃ ጠይቁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ላውጣው። በፈረንጅ በ2012 በዕፅ ጉዳይ ጥፋተኛ ተባልኩ። አልተዋሸብኝም፣ ሠርቼዋለሁ። ቅጣቴን ጨርሼ በ2014 ልወጣ ስል፣ እናቴ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ፣ ሁለት የኢሚግሬሽን መኮንኖች በሌላ በር ይዘውኝ ወጡ።

መኪናው ውስጥ አንደኛው ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠየቀኝ።

«የት ተወለድክ?»

«ኢትዮጵያ።»

«የየት አገር ዜጋ ነህ?»

«የኢትዮጵያ።»

ሁለተኛዋን መልስ ለማስተካከል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አልዋሸሁም እኮ። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ግሪን ካርድ ነበረኝ፣ ሲያልቅ አሳድሰዋለሁ፣ አበቃ።

ከሳምንታት በኋላ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ጠበቃ የለኝም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በወንጀል ጉዳይ ገንዘብ ከሌለህ መንግሥት ጠበቃ ያቆምልሃል። ኢሚግሬሽን ላይ ግን ጠበቃ የመያዝ መብት አለህ፣ ከፋዩ አንተው ነህ። ዳኛዋ የክሱን ወረቀት በቁጥር እያነበበች ጠየቀችኝ። አንድ፣ የአሜሪካ ዜጋ አይደለህም፤ እውነት ነው? እውነት ነው። ሁለት፣ የኢትዮጵያ ተወላጅና ዜጋ ነህ፤ እውነት ነው? እውነት ነው። አራቱንም «እውነት ነው» አልኩ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ።

አደራ፣ እንዲህ አታድርጉ። ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ ስጡኝ ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤቱም በነፃ የሚሠሩ ጠበቆችን ዝርዝር ይሰጣል።

ያነቃኝ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነው። አልጋችን ፊት ለፊት ነበር። ማታ ማታ የሰው ወረቀት እየተቀበለ የሚያነብ፣ ጠበቃ ሳይሆን ጠበቃ የሆነ ሰውዬ። የኔን አነበበና «አባትህ ሲቲዝን ነው?» አለኝ። አዎ። «መቼ ሆነ?» በፈረንጅ በ2004፣ ኅዳር ውስጥ። «አንተ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ሁለት ዕድሜ አለኝ።

ሐበሻ ስለሆናችሁ ይገባችኋል። የተወለድኩት ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። እናቴ ስትጠራው «የሚካኤል ለታ» ነው የምትለው። በፈረንጅ ሜይ 20 ቀን 1987 ይሆናል። አባቴ ዲቪ ሲሞላ፣ ያኔ በፖስታ ነበር የሚላከው፣ ፎርም የሚሞላለት ልጅ 1979 ላይ 7 ደመረና 1986 ብሎ ጻፈ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለተወለደ ሰው 7 መደመር ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ለተወለደ ግን 8 ነው። በቃ። በአንዲት ቁጥር ምክንያት አንድ ዓመት አረጀሁ።

ዲቪው ወጣ። አባቴ ስህተቱን አየው። ግን ማን ይነካዋል? «ቀን ከቀየርክ ቪዛው ይቀራል» አሉት፣ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ አማካሪ ነው። እሱም የማዘጋጃ ቤቱን የልደት ሰርተፊኬት ሲያወጣልኝ ከፎርሙ ጋር እንዲገጥም ግንቦት 12 ቀን 1978 አስባለው። ፓስፖርቴም በዚያው ወጣ። በፈረንጅ በ1999 አሜሪካ ስንገባ 12 ዓመቴ ነበር፤ በወረቀት 13።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል? በ2000 የወጣ የልጆች ዜግነት ሕግ የሚባል አለ። ሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካለው፣ ሲቲዝን ከሆነው ወላጁ ጋር አሜሪካ ውስጥ በእሱ አሳዳጊነት የሚኖር ከሆነ፣ ወላጁ ሲቲዝን ሲሆን ልጁም አብሮ ይሆናል። ማመልከቻ የለም፣ ቃለ መሐላ የለም፣ ማንም ደውሎ አይነግርህም። ተኝተህ ስትነቃ አሜሪካዊ ነህ።

እንግዲህ አስሉት። አባቴ በኅዳር 2004 ሲምል፣ በእውነተኛው ልደቴ 17 ዓመት ተኩል ነኝ። ሲቲዝን። በወረቀቱ ልደት 18 ተኩል ነኝ። የሚባረር የውጭ ዜጋ።

ጃማይካዊው የመከረኝ አንድ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምንም ወረቀት አትፈርም። «በፈቃዴ እወጣለሁ» የሚል ወረቀት ይሰጡሃል፣ ከእስር መሰልቸት የተነሳ እጅህ ይፈጥናል፣ አትፈርም። እኔ አንድ ልጨምር። «ሲቲዝን ነኝ» ብሎ መናገርም ቀልድ አይደለም። ሳይሆኑ ሆኛለሁ ማለት ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «በአባቴ ወይም በእናቴ በኩል ሲቲዝን ልሆን እችላለሁ፣ ይጣራልኝ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» በሉ። በየቀጠሮው፣ በየመኮንኑ ፊት፣ በጽሑፍም ጭምር።

ቤተሰብ አዋጥቶ ጠበቃ ያዝኩ። የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ያልኩትን እንዲነሣልኝ መጠየቅ ነበር። ሁለተኛው ፋይሌን ማስወጣት። መንግሥት ስለ እያንዳንዱ ስደተኛ የሚይዘው ኤ ፋይል የሚባል አለ። የአባቴ ፋይልም ያስፈልጋል፣ የናቹራላይዜሽኑ ቀን፣ ማለትም ሲቲዝን የሆነበት፣ እዚያ ስላለ። ይህን ለመጠየቅ ቀን አታባክኑ፤ ወራት ይፈጃል።

ኢሚግሬሽን ዳኛዋ ጋ ተሸነፍን። እውነቱን ለመናገር አልፈርድባትም። ፊቷ ያለው ምንድን ነው? ግሪን ካርድ፣ 1986። የቪዛ ፎርም፣ 1986። ፓስፖርት፣ 1986። ማዘጋጃ ቤት የሰጠው ሰርተፊኬት፣ 1978 ዓ.ም.፣ ማኅተም ያለበት። በኔ በኩል ደግሞ እናቴ «የሚካኤል ለታ» ስትል፣ እና አክስቴ በስልክ አንስታ የላከችልን የክርስትና ካርድ ፎቶ፣ ግማሹ ጥላ የበላው። ከአሜሪካ ውጭ ከተወለድክ ሕጉ የውጭ ዜጋ ነህ ብሎ ይነሳል። ግምቱን የማፍረሱ ሥራ ያንተ ነው። በደብዛዛ ፎቶ አይፈርስም።

ለይግባኝ ቦርዱ አመለከትን። በኔ ጊዜ 30 ቀን ነበር የሚሰጠው፤ ይህኛው በመንግሥት ደንብ የሚወሰን ስለሆነ አሁን ስንት እንደሆነ በዚያው ቀን ጠይቁ። ቦርዱም ገጽ ተኩል ጽፎ አሰናበተን።

እናቴ ያን ቀን አለቀ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀ ብያለሁ። አላለቀም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይሄ ክፍል ነው።

ኢሚግሬሽን ዳኛ የምትሏት የፍርድ ቤት ዳኛ አይደለችም። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ናት። ቦርዱም እዚያው ቤት ነው። ሌላ ጉዳይ ቢሆን፣ ለምሳሌ ጥገኝነት፣ የነሱን የፍሬ ነገር ግኝት ፌደራል ፍርድ ቤት በቀላሉ አይነካውም። ዜግነት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ሰው «ዜጋችሁ ነኝ» ካለና የሚጨበጥ ማስረጃ ካለው፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እውነተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ከ1922 ጀምሮ የቆመ ነገር ነው። አባታችን አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው ያሉ ሁለት ቻይናውያን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዳኛ ብራንዳይስ የጻፈው ውሳኔ አለ፤ ንግ ፈንግ ሆ ይባላል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ዜጋን ማባረር ነፃነቱን ብቻ ሳይሆን ኑሮውን ሁሉ የሚነጥቅ ነገር ስለሆነ፣ ዜጋ መሆን አለመሆኑ በአስተዳደር ባለሥልጣን ብቻ ሊቆረጥ አይችልም የሚል ነው።

ዛሬ ይህ በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 242 ውስጥ ተጽፏል። አካሄዱ እንዲህ ነው። የማባረር ትእዛዙ የመጨረሻ በሆነ በ30 ቀን ውስጥ ለአካባቢው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ። 31ኛው ቀን ላይ መድረስ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ይህ 30 ቀን ኮንግረስ ያወጣው ነው። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ያያል። የሚያከራክር ፍሬ ነገር ከሌለ፣ ማለትም ሁለታችሁም በቀኑ ተስማምታችሁ የተጣላችሁት ሕጉ ምን ይላል በሚለው ብቻ ከሆነ፣ ራሱ ይወስናል። ፍሬ ነገሩ ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ግን፣ እንደኔ መቼ ተወለደ በሚለው ላይ፣ ይግባኝ ፍርድ ቤት ምስክር አያስቀርብም። ጉዳዩን ወደ ታች፣ ወደ ፌደራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይመራዋል። እዚያ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይሰማል። የኢሚግሬሽን ዳኛዋ ያለችው አያስርም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ይግባኝ ፍርድ ቤት ማመልከት ብቻውን አውሮፕላኑን አያቆመውም። የዕግድ ጥያቄ ለብቻው መቅረብ አለበት። የኔ ጠበቃ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስገባች። ሁለተኛ፣ ዜግነትን በሌላ በር፣ በቀጥታ ክስ፣ ፍርድ ቤት የሚወስድ አንቀጽ አለ፤ ግን ጥያቄው የተነሳው በዲፖርቴሽን ጉዳይ ውስጥ ከሆነ ያ በር ዝግ ነው። ስለዚህ «ኋላ እንከሳለን» ብላችሁ 30 ቀኗን አታሳልፉ።

እስሩስ? ዕፅ ስለሆነ ዋስትና አልነበረኝም። 14 ወር ተቀምጬ፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፌደራል ፍርድ ቤት አስገብተን፣ ዋስትናዬ እንዲታይ ታዘዘና ወጣሁ። ያ መንገድ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ጠብቧል፣ ግን አቤቱታው ራሱ አልጠፋም። ጠይቁ።

ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ወደ ዲስትሪክት ሲመራን ጠበቃዬ በቁም ነገር ተቀመጠችና፣ «አሁን የምትነግረኝን ሁሉ የሚያይ ዳኛ አለ። ኦርጅናሉን አምጣ» አለችኝ። ከዚህ በኋላ የአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ተማሪዎችም በነፃ ተጨመሩልን። በእድሜ ታናናሾቼ ናቸው፣ እንቅልፍ የላቸውም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ ያንን ካርድ ሰው እጅ ላኪልኝ።»

«የቱን ካርድ?»

«የክርስትናውን።»

«እሱማ ዳዊቱ ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል ብለህ ነው።»

የአያቴ ዳዊት ውስጥ፣ ሃያ ምናምን ዓመት። የዱቄት ወተት ካርቶን የመሰለ ጠጣር ወረቀት፣ ጠርዙ ቡናማ፣ ሐምራዊ ማኅተም። በእጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ መጠሪያ ስሜ፣ የክርስትና ስሜ፣ የክርስትና አባቴ ስም፣ ከዚያ «የተወለደበት ግንቦት 12 ቀን፣ የተጠመቀበት ሰኔ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ዕለተ እሑድ፣ ዘመነ ሉቃስ»።

ካርዱ ብቻውን ግን አይበቃም። የመንግሥት ጠበቃ የምትለው ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው አሮጌ ካርድ ገዝቶ ሊጽፍበት ይችላል። አክስቴ ደብሩ ድረስ ሄደች። ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው የለም፣ ሁለተኛው ቀን ቁልፉ የለም፣ ሦስተኛው ቀን መዝገቡ ተገኘ። የኔ ስም ያለበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ገጾች አስነሳች። ይሄን ያሰበችው ጠበቃዬ ናት፤ ዋናው ብልሃት እሱ ነበር። ከኔ በላይ የተጻፈው ሕፃን የተጠመቀው ሰኔ 20 ነው፣ ከኔ በታች ያለው ሰኔ 23፣ ሁሉም 1979፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ቀለም። መካከል ላይ ማንንም ማስገባት አይቻልም።

የፌደራል ፍርድ ቤት የማስረጃ ደንብ ቁጥር 803 ውስጥ ለኛ ሰው የተጻፉ የሚመስሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ንዑስ 11፣ ሃይማኖታዊ ተቋም ስለ ልደት፣ ጋብቻ፣ ዝምድና በመደበኛነት የያዘው መዝገብ ጸሐፊው ባይቀርብም በማስረጃነት ይገባል። ንዑስ 16፣ ከ1998 በፊት የተጻፈ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ሰነድም እንዲሁ። የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት አገር ለተወለደ ሰው ይህ ወርቅ ነው። የክትባት ካርዴም ተገኘ። የአንደኛ ክፍል መዝገብም ተገኘ፣ መስከረም 1986 ዓ.ም.፣ ዕድሜ 6። ይሄኛው ደካማ ነው፣ ትምህርት ቤት ዕድሜ እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ካርዱን አይቃረንም።

ችሎቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ጁሪ የለም፣ ዳኛ ብቻ። የመንግሥት ጠበቃዋ መጀመሪያ የያዘችው የክርስትና ስሜን ነበር። «ይህ ካርድ ላይ ያለው ሁለተኛ ስም የማን ነው?» አስተርጓሚው «የክርስትና ስም» የሚለውን ሲያስረዳ አሥር ደቂቃ ሄደ። አባትም ስም፣ አያትም ስም፣ የክርስትናም ስም። ዳኛው አንድ ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ጣሪያውን አየ። ተርጓሚ ስትይዙ የቤተ ክርስቲያን አማርኛ የሚያውቅ ያዙ።

ከዚያ አባቴ ቆመ። ይሄን መጻፍ ይከብደኛል። አባቴ በሕይወቱ ፍርድ ቤት ገብቶ አያውቅም። የመንግሥት ጠበቃዋ በ1999 ያስወጣውን ሰርተፊኬት አሳየችው። ቀኑን ያስጻፍከው አንተ ነህ? እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ቀን ነው ትላለህ? አዎ። «ታዲያ ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ?»

ዝም አለ። አስተርጓሚው ጥያቄውን ደገመለት። አባቴ «ሰምቻለሁ» አለ በአማርኛ። ከዚያ፣ «ያኔ ፈራሁ። ፎርሙ አንዴ ተልኳል። አምስት ነፍስ ይዤ፣ ቀን ልቀይር ብዬ ዕድሉን ላበላሽ?» አለ። ስለ ዲቪው፣ ስለ 7ቷና ስለ 8ቷ፣ ሰፈሩ ስላለው ነገር ሁሉ ተናገረ። አላሳመረውም። ጠበቃችን ቀድማ የመከረችው አንድ ነገር ነበር፤ ስህተቱን ራስህ ተናገረው፣ ሌላ ሰው ሲያወጣው አትጠብቅ። ፊት ለፊት ሲናገር ዳኛው አየው። ይግባኝ ቦርዱ ይህን አይቶ አያውቅም፤ እሱ ያየው ወረቀት ላይ ሁለት የሚጣሉ ቀኖችን ነው።

የመጨረሻው ምስክር መሪጌታ ናቸው። የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር፣ አዋቂ፣ በጡረታ ያሉ፣ ነጠላቸውን ኮታቸው ላይ አጣፍተው መጡ። «ዘመነ ሉቃስ» ምን ማለት እንደሆነ ተጠየቁ። ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይዞራሉ አሉ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ማርከር አስያዟቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 እና 1979 ይደመራል፣ 7479። ለአራት ይካፈላል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። ዳኛው ራሱ ካልኩሌተር አውጥቶ አካፈለ። ሦስት ተረፈ። «1978 ቢሆንስ?» አለ። መሪጌታ ሳያሰሉ «ማርቆስ» አሉ። ዳኛው አሰላና ሁለት አገኘ፣ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ እሑድ። ሰኔ 21 በፈረንጅ ጁን 28 ነው። የዳኛው ረዳት ኮምፒውተር ላይ አየች። ጁን 28 ቀን 1987፣ እሑድ። ጁን 28 ቀን 1986፣ ቅዳሜ። ከግንቦት 12 እስከ ሰኔ 21 ሲቆጠር ደግሞ ልክ አርባኛው ቀን፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው። አንድ ቄስ በ1979 ዓ.ም. ሐምራዊ ማኅተም ከመምታቱ በፊት የጻፋቸው እነዚያ ሁለት ቃላት፣ «እሑድ» እና «ሉቃስ»፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም የበለጠ መዘኑ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «ብያለሁ እኮ የሚካኤል ለታ ነው» ስትል የችሎቱ ፖሊስ ዝም አሰኛት።

ውሳኔው በ2017 ወጣ። ሜይ 20 ቀን 1987 መወለዴ ተረጋግጧል፣ አባቴ ሲቲዝን በሆነበት ቀን 18 ዓመት ስላልሞላኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ የማባረር ትእዛዙ ቀሪ ነው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። በሌላ አነጋገር 14 ወር ሙሉ ታስሬ የነበርኩት ሲቲዝን ሆኜ ነው።

ካሳ ትጠይቃለህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠበቃዬ ዴቪኖ ዋትሰን የሚባል ሰው ጉዳይ አሳየችኝ። እሱም በአባቱ በኩል በ17 ዓመቱ ሲቲዝን የሆነ፣ ከጃማይካ የመጣ ልጅ ነው። ሲቲዝን ነኝ እያለ፣ የአባቱን ስልክ እየሰጠ፣ ከ2008 ጀምሮ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ታሰረ። መኮንኖቹ የአባቱን ፋይል ሲፈልጉ የሌላ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ፋይል ነበር ያወጡት። ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ካሳ ፈረደለት፣ በ2017 ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጊዜው አልፎብሃል ብሎ ሻረው። የሁለት ዓመቷ ገደብ እስር ቤት እያለ መቆጠር ጀምራለች ተባለ። ስለዚህ ካሳ የምታስቡ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ተውኩት፣ ደክሞኝ ነበር።

ብቻዬን የደረሰብኝ ይመስለኝ ነበር። ለኮንግረስ ቁጥጥር የሚሠራው ጋኦ በ2021 ያወጣው ሪፖርት ከ2015 የበጀት ዓመት እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ ዜጋ ሊሆኑ ይችላሉ የተባሉ 674 ሰዎች በኢሚግሬሽን መያዛቸውን፣ 121 መታሰራቸውን፣ 70 ከአገር መባረራቸውን ይናገራል።

ገና ምንም ያልገጠማችሁ፣ ወላጃችሁ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 በኋላ እናንተ 18 ሳይሞላችሁ ሲቲዝን የሆነ፣ ግሪን ካርድ እያሳደሳችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ፓስፖርት ጠይቁ። የወላጃችሁን የናቹራላይዜሽን ወረቀት፣ የልደት ሰርተፊኬታችሁን፣ ግሪን ካርዳችሁን፣ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት ይዛችሁ። ኤን 600 የሚባለው የዜግነት ሰርተፊኬት ማመልከቻም አለ፤ ዋጋው ከፓስፖርቱ በብዙ ይበልጣል፣ ግን የማያልቅ ወረቀት ነው። የኔ ዓይነት የቀን ችግር ካለባችሁ ግን ከማመልከታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ወላጆቻችሁ ያልተጋቡ ከነበሩ፣ ወይም ተፋተው ከነበረ፣ እሱም ሌላ ጣጣ አለው፤ ማን ያሳድግ ነበር የሚለው ይመጣል። የክርስትና ካርዳችሁም የት እንዳለ አክስቶቻችሁን ጠይቁ። ሙስሊም ከሆናችሁ ወይም ካርድ የሌላችሁ ከሆነ የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ፣ አሮጌ ደብዳቤ ሳይቀር፤ ዋናው ነገር ጠቡ ከመነሳቱ በፊት የተጻፈ መሆኑ ነው።

ፓስፖርቴ መጣ። 20 ሜይ 1987 ይላል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀኑን አነበበና ምንም ሳይል መለሰልኝ። ከዚያ የሶሻል ሴኩሪቲውን አስተካከልኩ፣ የባንኩን አስተካከልኩ። የጤና ኢንሹራንሱ አሁንም ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያውቀኝ፣ አንዱ ከአንዱ በዓመት ይበልጣል፣ ለሁለቱም ደብዳቤ ይልካል። ለትልቁ የሚመጣውን አልከፍትም።